ትንፋሽ መቁጠር

በዱርቤቴ ዙሪያ ባለው በአቸፈር ገጠር ክረምቱ በርትቶ ወንዙ ሲሞላ፣ መንገዱም በጭቃ ሲያዝ፣ ሕሙም ሕፃን ያዘለች እናት ከከተማው እስክትደርስ የሚያልፈው ሰዓት የሕፃኑን ዕድሜ የሚወስን ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በጤና ረገድ ርትዕ ይሁን፣ ባላገሩም ከከተሜው ይተካከል ሲባል፣ ሥራው የሚጀመረው ጥበበ ሕክምናን እናቲቱ ካለችበት ቀበሌ በማድረስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ አሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም። የወባ መቅሠፍት በደምብያ ብዙ ሺሕ ነፍስ ካጠፋ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የንጽሕና ባለሙያውን በአንድነት እያሠለጠነ፣ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ የመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን ከዚያው ከሚያገለግሉበት ቀበሌ መርጦ፣ አንድ ዓመት አስተምሮ፣ ሁለት ሁለቱን በአንድ ጤና ኬላ መደበ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 አለፈ። የመንደሩ ልጅ መሆንዋ ቀላል ነገር አይምሰለን፤ እናቲቱ ለባዕድ የምትደብቀውን ሕመም «እቴ፣ እስቲ ይህን እዪልኝ» ብላ የምትገልጠው ለምታውቃት ነውና።

ሥልጠናው ምን እንደሚያስጨብጥ ለማየት አንዱን ጥበብ ብቻ ቀረብ ብለን እንመልከት። የሳንባ ምች በያዘው ሕፃን ውስጥ ጥቃቅኑ የአየር ከረጢቶች በፈሳሽ ስለሚሞሉ፣ አየሩ ወደ ደም መግባት ይሳነዋል፤ ሥጋም የጎደለውን በትንፋሽ ብዛት ሊያካክስ ይታገላል። ስለሆነም ሠራተኛዪቱ የሚያስል ሕፃን ሲመጣላት፣ ልቅሶውን ትቶ እስኪረጋጋ ታግሣ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጋ፣ ዓይንዋን ከደረቱ ላይ ሳትነቅል አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50፣ ከዚያ በላይ እስከ 5 ዓመት ላለው 40 ከሞላ ወይም ካለፈ፣ ትንፋሹ ፈጥኗልና መድኃኒት ይገባዋል። ጡት እምቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። ቀድሞ ለሳንባ ምች መድኃኒት እንድትሰጥ አልተፈቀደላትም ነበር፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ግን ያ ሥልጣን በጤና ኬላው ደረጃ ተሰጠ።

በአገራችን ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 67 ሆኑ። ክትባቱም፣ የተሻለው ምግብም በዚህ ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ያለ እነዚህ ሴቶች ክትባቱ ራሱ ከገደሉ ማዶ ባልተሻገረ ነበር። ሆኖም አንድ ዓመት የተማረ ሰው የተማረውን እንዳይረሳ በየጊዜው ሊታደስ ይገባል፤ በሚገባ ቆጥራ መድኃኒት ያጣች ሠራተኛም እጅዋ የታሰረ ነው። እንግዲህ ኃላፊነቱ ያለባችሁ ሁሉ፣ የሥልጠናውን እድሳት በበጋ ፈጽሙ፤ መድኃኒቱንም ወንዙ ሳይሞላ ከጤና ኬላው አድርሱ።