ደሙ ቆመ ማለት ድዱ ዳነ ማለት አይደለም፦ ስለ ክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ማወቅ ያለብዎት

ጠዋት ጥርስዎን ሲቦርሹ ምራቅዎ ቀይ ሆኖ ይወጣል። አንድ ሁለት ቀን "ብሩሹ ጠንክሮብኝ ነው" ብለው ያልፉታል። ሳምንት ሲሞላው ፋርማሲ ጎራ ይሉና "ድዴ እየደማ ነው፣ የሚጉመጠመጡት ነገር ይኖራችኋል?" ብለው ይጠይቃሉ። ክሎርሄክሲዲን የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ይዘው ይወጣሉ። በሳምንቱ ደሙ ይቀንሳል፣ የአፍ ጠረኑም ይሻላል። "ተገላገልኩ!" ይላሉ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ደሙ ይመለሳል፤ ሌላ ጠርሙስ ይገዛሉ።

እንዲህ እያሉ ዓመታት የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ። ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ጥርሳቸው መነቃነቅ ሲጀምር ነው። ያኔ ግን ጥርሱን ደግፎ የያዘው አጥንት አልቋል፤ አጥንት ደግሞ በመጉመጥመጥ አይመለስም።

ውድ ተከታታዮቻችን፣ ዛሬ ስለዚህ መድኃኒት እናውራ። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ከአፍ መጉመጥመጫዎች ሁሉ በብዛት ከተጠኑትና በደንብ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ችግሩ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ሳይታወቅ መወሰዱ ላይ ነው።

ለመሆኑ ድድ ለምን ይደማል?

ብዙ ሰው "ቫይታሚን አንሶኝ ነው" ወይም "ብሩሹ ቆርጦኝ ነው" ይላል። አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ የሚለጠፍ ለስላሳ፣ ነጣ ያለ የባክቴሪያ ንጣፍ አለ፤ ፕላክ ይባላል። በጥፍርዎ ጥርስዎን ጫር ቢያደርጉ የሚወጣው እሱ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ ሲሆን የተሠራው ዴንማርክ ውስጥ ነው። ድዳቸው ጤናማ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ሙሉ በሙሉ እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ወደ ጤናው ተመለሰ። ሌላ ምንም መድኃኒት አልተሰጣቸውም።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር፣ የድድ በሽታ ሁለት ደረጃ እንዳለው ነው።

የመጀመሪያው ጂንጂቫይተስ ይባላል። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። አጥንቱ ግን ገና አልተነካም። በዚህ ደረጃ ሙሉ በሙሉ ይድናል።

ሁለተኛው ፔሪዮዶንታይተስ ነው። ቁጣው ወደ ውስጥ ይዘልቅና ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጠራል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት መሟሸሽ ይጀምራል። የጥርስ ሐኪም ይህን ኪስ በቀጭን መለኪያ ይለካዋል፤ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአብዛኛው ጤናማ ነው፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ክትትል ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ከባድ የድድ በሽታ እንዳለባቸው ገምቷል። ብዙ ጊዜ ስለማያም ሰው አይፈራውም። አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ክሎርሄክሲዲን ምን ይሠራል?

ክሎርሄክሲዲን በመጀመሪያ ለአፍ የተሠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ለቆዳና ለቁስል ማጽጃ ሆኖ ነው የወጣው። ፕላክን መከላከል እንደሚችል በሰፊው የታወቀው ከ1970 ወዲህ ነው። አሜሪካ ደግሞ መጉመጥመጫውን እ.ኤ.አ. በ1986 በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ እንዲሸጥ ፈቀደች።

ከሌሎች የሚለየው አፍ ውስጥ መቆየቱ ነው። ተራ መጉመጥመጫ ሲተፉት አብሮ ይሄዳል። ክሎርሄክሲዲን ግን ጥርስና የአፍ ሥጋ ላይ ተጣብቆ ለሰዓታት ቀስ በቀስ ይለቀቃል፤ እስከ 12 ሰዓት ድረስም ሊቆይ ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፕላክ እንደ አዲስ እንዳይገነባ ይከላከላል። ጥርስ ከተነቀለ ወይም የድድ ቀዶ ሕክምና ከተሠራ በኋላ፣ ብሩሽ ማስገባት በማይቻልበት ጊዜ፣ ሐኪሞች የሚያዙትም ለዚህ ነው። ጥርስ ከታጠበ በኋላም ድዱ እስኪያገግም ለአጭር ጊዜ ይታዘዛል።

ምን አይችልም?

ሁለት ነገሮች አይችልም።

አንደኛ፣ ታርታርን አያነሳም። ፕላክ በጊዜው ካልጸዳ በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት እየጠነከረ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ታርታር የሚባለው ይህ ነው። ድስት ላይ ያረረ ወጥ የሳሙና ውኃ ስላፈሰሱበት ብቻ ይለቃል? አይለቅም፣ መፋቅ አለበት። ታርታርም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛ፣ ኪሱ ውስጥ አይገባም። የምንጉመጠመጠው ፈሳሽ ከድድ በላይ ያለውን ያጥባል እንጂ ከድድ ሥር ወዳለው ጥልቅ ኪስ አይደርስም ማለት ይቻላል። በሽታው ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ መጉመጥመጫ ላይ የተሠሩ 51 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ከጥርስ መቦረሽ ጋር ተደምሮ ሲወሰድ ፕላክን በጣም እንደሚቀንስ፣ ቀለል ያለ የድድ መቆጣትንም እንደሚያሻሽል አረጋግጧል። መካከለኛና ከባድ የድድ ቁጣ ላላቸው ሰዎች ግን ይጠቅማል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘም።

እንግዲህ አደጋው እዚህ ላይ ነው። መጉመጥመጫው ላይ ላዩን ያለውን ቁጣ ሲያበርድ ደሙ ይቀንሳል። ደሙ ደግሞ ማስጠንቀቂያችን ነበር። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፤ በሽታው ግን ከሥር ሥራውን ቀጥሏል። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ላይ ይህ ይብሳል። ሲጋራ በራሱ የድድ መድማትን ስለሚቀንስ፣ አጥንታቸው እያለቀ እንኳ ድዳቸው ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ከታዘዘልዎ እንዴት ይወስዱታል?

1. ጠርሙሱን ያንብቡ። ብዙ ጊዜ የሚገኙት 0.12 በመቶ እና 0.2 በመቶ የሆኑት ናቸው። ከ0.12 በመቶው በተለምዶ 15 ሚሊ ሊትር ለ30 ሰከንድ፣ ከ0.2 በመቶው ደግሞ 10 ሚሊ ሊትር ለ1 ደቂቃ ነው። በመጠኑ መለካት ምክንያት የሚደርስዎት መድኃኒት ተቀራራቢ ነው። ከውጭ ዘመድ የላከልዎ ጠርሙስ አገር ቤት ከገዙት ጋር አንድ ላይሆን ስለሚችል መጠኑን ሳያዩ አይጠቀሙ።

2. ለአፍ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ለቁስል፣ ለእጅ ወይም ለሕፃን እትብት የሚሸጥ ክሎርሄክሲዲንም አለ። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ አፍ ውስጥ አይገባም።

3. ከጥርስ ሳሙና ጋር አያገናኙት። በብዙ የጥርስ ሳሙናዎች ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ጥርስዎን ይቦርሹ፣ አፍዎን በውኃ በደንብ ይጠቡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይጉመጥመጡ።

4. ይትፉት፣ አይዋጡት። ከተፉ በኋላ ወዲያው በውኃ አይጉመጥመጡ፤ ተጣብቆ መሥራት ያለበትን መድኃኒት አጥበው ያወጡታል።

5. ቡናውን ያዘግዩት። ይህቺ ለእኛ ሰው ከበድ ትላለች! ግን ክሎርሄክሲዲን ከቡናና ከሻይ ቀለም ጋር ሲገናኝ ጥርስን ቡናማ ያደርጋል። ስለዚህ ከቡናው በኋላ አፍዎን አጽድተው ይጉመጥመጡ፤ ወይም ተጉመጥምጠው አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ያለው ሰዓት በጣም ይመቻል።

6. መቦረሹን አያቁሙ። ሐኪሙ ካልከለከለዎት በስተቀር መድኃኒቱ የብሩሽ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። መፋቂያ የሚጠቀሙም ቢሆን ጫፉን አለስልሰው እስከ ድዱ ጠርዝና እስከ ውስጠኛው ጥርስ ካደረሱት ፕላክ ያነሳል።

7. ቀኑን ይቁጠሩ። በአብዛኛው የሚታዘዘው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው። ከዚያ በላይ የሚወሰደው ሐኪም በክትትል ሲያዝ ብቻ ነው።

ጉዳትስ የለውም?

አለው። በተለይ ለአራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ጥርስና ምላስ ቡናማ ይሆናል። የጥርሱ ቀለም በእጥበት ይለቃል፤ በጥርስ ቀለም የተሞላ ሙሌት ላይ ያረፈው ግን ላይለቅ ይችላል። የምግብ ጣዕም ለጊዜው ይለወጣል፤ በተለይ ጨው አልቀምስ ይላል። "ወጡ አልጣፈጠም" ብለው ባለቤትዎን ከመውቀስዎ በፊት መድኃኒቱን ያስታውሱ። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ አፍ ያቃጥላል፣ ሥጋውን ይልጠዋል።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገርዎ። መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ላይ ታርታር ሊጨምር ይችላል። ድዳቸውን ለማዳን ብለው ለወራት የሚጉመጠመጡ ሰዎች ሌላ ሥራ እየጨመሩ ነው ማለት ነው።

በጣም አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ያስነሳል። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ወዲያው አቁመው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ። ለሕፃናት ደግሞ ያለ ሐኪም አይስጡ፤ መትፋት የማይችል ልጅ ይውጠዋል።

"ጥርስ መታጠብ ጥርስ ያነቃንቃል" ይባላል፣ እውነት ነው?

ብዙ ሰው ወደ ፋርማሲ የሚሮጠው ይህን ፈርቶ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ታርታር ለዓመታት ሲከመር ጥርሶቹን እንደ ሲሚንቶ ያያይዛቸዋል። ከሥር አጥንቱ ሲያልቅ ጥርሱ በታርታሩ ተደግፎ የቆመ ይመስላል። ታርታሩ ሲነሳ ቀድሞ የነበረው መነቃነቅ ይታያል። ያበጠው ድድ ሲሟሽሽም በጥርሶች መካከል ክፍተት ይታያል። እጥበቱ አላነቃነቀውም፤ ተሸፍኖ የነበረውን ገለጠው እንጂ። ቀደም ብለው ቢሄዱ ኖሮ ደግሞ አጥንቱም አያልቅም ነበር።

ወደ ጥርስ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

በደንብ እየቦረሹም ደሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ድድ ከሸሸና ጥርስ የረዘመ ከመሰለ፣ መግል ከወጣ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ ወይም ሲነክሱ ቦታው የተለወጠ ከመሰለዎት አይቆዩ። ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ይሂዱ።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጠንቀቁ። ስኳር የድድ በሽታን ያባብሳል፣ የድድ በሽታም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ነፍሰ ጡሮችም ድዳቸው በቀላሉ ይቆጣል፤ መታከም ይችላሉ፣ "እስክወልድ ልታገሥ" አያስፈልግም። ለደም ግፊት እንደ ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን ያሉ፣ ለሚጥል በሽታ ደግሞ ፌኒቶይን የሚወስዱ ሰዎች ድዳቸው ሊያብጥና ሊያድግ ይችላል። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ድድ ብቻ ሳይሆን አፍንጫም ከደማ ወይም ሰውነት ያለ ምክንያት እየበለዘ ከሆነ ጉዳዩ የጥርስ ላይሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

ኑሮ እንደተወደደ እናውቃለን፤ ጠርሙስ መግዛት ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ይቀላል። ግን በዓመት ስንት ጠርሙስ እንደገዙ ቆጥረው ይዩት፤ አንድ ጥርስ ተነቅሎ ለመተካት የሚጠየቀውንም አብረው ያስቡት። የጥርስ ክፍል ያላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ፤ ከዚያ ይጀምሩ። ሲሄዱ "መድኃኒት ይጻፉልኝ" ብቻ አይበሉ፤ "ኪሱን ለኩልኝ፣ አጥንቴ ተነክቷል ወይ?" ብለው ይጠይቁ።

ጠርሙሱን ይዘው ለወራት የቆዩ ወዳጅ ዘመድ ካሉዎት ይህን ጽሑፍ ያጋሯቸው።