ተከዜ ሐይቅ ላይ አዲስ ዓሣ ይለቀቅ ወይ?

የዋጉ አበርገሌ ስሙ በፍየል ነበር የሚነሣው። የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠናቀቅ ግን 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ አቁሮ ለዋግ ቆላ ሐይቅ ሰጠው። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መረብ ጣሉ፤ ዓሣም ሰቆጣ ገበያ ወጣ።

መረቡ ይዞት የሚወጣው ዓሣ ሲያንስ በየሐይቁ የሚነሣ ሐሳብ አለ። ከሌላ ውኃ ትልቅ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ዋጋ የሚያወጣ ዓሣ ለምን አምጥተን አንለቅም? ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ የወሰደው የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ናይል ፐርች የተባለው አዳኝ ዓሣ እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ነበር። ለዓመታት ብዙም ሳይታይ ቆየ። በ1980ዎቹ ግን በድንገት ሐይቁን ሞላው። በሌላ የትም ዓለም የማይገኙ ትናንሽ የሐይቁ ዓሦች እያለቁ ሄዱ፤ ከምድር የጠፉት ዝርያዎች ወደ 200 እንደሚደርሱ ይገመታል። በአንጻሩ ፋብሪካ ተከፈተ፣ ሥጋው ወደ አውሮፓ ተጫነ፣ የውጭ ምንዛሪም ገባ። ትርፉን የሚያነሣም ጥፋቱን የሚያነሣም እውነቱን ነው። ልዩነቱ ትርፉ እንደ ገበያው ከፍ ዝቅ ሲል የጠፋው ዝርያ ግን አለመመለሱ ላይ ነው።

ናይል ፐርች ራሱ ክፉ ዓሣ ነው ማለት አይደለም። አርባ ምንጭ ላይ «ነጭ ዓሣ» እየተባለ የሚበላው እሱው ነው፤ ጫሞና አባያ የገዛ ቤቱ ናቸው። እዚያ ታዳኙ ከአዳኙ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት አብሮ ስለኖረ ማምለጫውን ያውቃል። ጣናም የራሱ አዳኞች አሉት፤ በሐይቁ ብቻ ከሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች (የጣናው «ነጭ ዓሣ» ከአርባ ምንጩ የተለየ ነው) ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። እነዚህን ያመናመናቸው በክረምት ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ የሚጠብቃቸው መረብ ነው እንጂ ከውጭ የመጣ አዳኝ አይደለም።

እንግዳ ዓሣ በመልቀቅ ረገድ ወደ አገራችን ልምድ ስንመጣ ለዋግ የሚቀርበው ስሙም «ሐይቅ» የሚባለው የደቡብ ወሎ ሐይቅ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) እ.ኤ.አ. በ1978 ተለቀቀበት። ቆሮሶ ዓሣ አሳዳጅ አይደለም፤ ሆኖም ውኃውን የሚያጠሩትን በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ነፍሳት ይመገባል። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ጥርት ብሎ የነበረው ውኃ በአልጌ ደፍርሶ፣ እነዚያ ነፍሳትም ተመናምነው አገኙት። ለውጡ ሁሉ በዓሣው ብቻ የመጣ ነው ማለት ያስቸግራል። ቢሆንም «የማይነክስ» የተባለው እንግዳ እንኳ ማዕዱን ያናጋል። ዝዋይ ላይ ደግሞ ቀድሞ ቆሮሶ ገዝቶት የነበረው ሐይቅ ዛሬ አምባዛና ካርፕ በብዛት የሚወጡበት ሆኗል፤ ሁለቱም የሐይቁ ተወላጆች አልነበሩም። አምባዛ የቆሮሶን ጫጩት ይበላል። ዓሣ አጥማጁ ከልክ በላይ ማውጣቱና የመስኖ ፓምፑ ውኃውን መሳቡ ተደምሮበት ነገሩን አክብዶታል።

ተከዜስ? አምባዛ በወንዙ ውስጥ ጥንትም የነበረ ነው፤ ስለዚህ ሐይቁ አዳኝ አልጎደለውም። ዓሣው የሚያንስበትን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል። አዲስ ግድብ መጀመሪያ ላይ የተዋጠው መሬትና ቁጥቋጦ በውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ምግብ ይሆናል፤ ዓሣውም ይበዛል። ከዓመታት በኋላ ያ ስንቅ ያልቅና ምርቱ ይቀንሳል። በዓለም ያሉ ብዙ ግድቦች በዚህ አልፈዋል። በዚያ ላይ ቆሮሶ ጎጆውን የሚሠራው በጥልቀት የለሽ ዳርቻ ነው። የግድቡ ተርባይን ውኃውን ሲስበው ዳርቻው ይሸሻል፤ ጎጆውም ደረቅ ላይ ይቀራል። የመረቡ ዓይን ከጠበበ ደግሞ ያልወለደው ዓሣ አብሮ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ላይ አዳኝ መጨመር ችግሩን ሳይነኩ የተረፈውን መብላት ነው።

በሰው ሠራሽ ኩሬ ግን ሌላ ነው። ቆሮሶ በኩሬ ከልክ በላይ ይራባና ሁሉም ጫጩት እንደሆነ ይቀራል፤ ጥቂት አምባዛ ማስገባት የታወቀ መላ ነው። ኩሬ ከተበላሸ ይደርቃል፣ እንደ አዲስ ይጀመራል። 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ግን አይደርቅም። ኩሬውም ቢሆን አደጋ የለውም አይባልም፤ በክረምት ከሞላና ከፈሰሰ፣ የዋግ ጅረት ደግሞ የሚወርደው ወደ ተከዜ ስለሆነ ከሩቅ የመጣው ዓሣ አንድ ቀን ሐይቁ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ለኩሬ የሚመረጠው ጫጩት ከዚያው ከተፋሰሱ ዝርያ ቢሆን ይመረጣል።

ለአበርገሌ፣ ለዝቋላና ለሰሃላ የዓሣ ማኅበራት የምለው ይህ ነው፦ ሐይቁ ላይ አዲስ ዓሣ ልልቀቅ የሚል ሲመጣ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ነጋዴ፣ ከሰቆጣና ከባሕር ዳር የምርምር ማዕከላት የጽሑፍ ማስረጃ ሳያቀርብ ጫጩቱ ከበርሜሉ እንዳይወጣ። እስከዚያው የመረቡን ዓይን ማስፋትና ቆሮሶ በሚራባበት ወቅት ዳርቻውን ማሳረፍ በእጃችሁ ነው።