የመብራትና የማሞቂያ ሂሳብ መክፈል ላቃታቸው ቤተሰቦች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ

የመብራት፣ የጋዝ ወይም የማሞቂያ ነዳጅ ሂሳብ ከአቅም በላይ ሲሆን፣ ብዙ ቤተሰቦች ከምግብና ከቤት ኪራይ ቀንሰው ለመክፈል ይገደዳሉ። ሌሎች ደግሞ አገልግሎቱ ሊቋረጥ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ እስኪደርሳቸው ድረስ ይጠብቃሉ። በዩናይትድ ስቴትስ ለዚህ ችግር ተብሎ የተቋቋመ ድጋፍ ስላለ፣ ዕዳው ሳይከማች ማመልከት ይገባል። ይህ ጽሑፍ የድጋፉን አሠራር፣ የአመልካቾችን መብትና የማመልከቻውን ሂደት ያብራራል።

ድጋፉ ምንድን ነው?

ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሚሰጠው የቤት ኃይል ድጋፍ ፕሮግራም፣ በተለምዶ «ላይሂፕ» የሚባለው፣ በ1981 በወጣ የፌደራል ሕግ የተቋቋመ ነው። ኮንግረስ በየዓመቱ በጀት ይመድብለታል፤ ገንዘቡም ለክፍለ ግዛቶችና ለዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ይከፋፈላል። ድጋፉ ብድር ስላልሆነ ተመልሶ አይከፈልም። ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ለአመልካቹ በእጅ አይሰጥም፤ በቀጥታ ለመብራቱ ወይም ለጋዙ ኩባንያ ይከፈልና ከሂሳቡ ላይ ይቀነሳል። የተመደበው በጀት የተወሰነ በመሆኑ ዓመቱ ሳያልቅ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ የማመልከቻው ወቅት እንደተከፈተ ማመልከት ይመከራል።

ማን ሊያመለክት ይችላል?

የገቢው ጣሪያ እንደየአካባቢው ይለያያል። የፌደራሉ ሕግ የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን ከድህነት መለኪያው 150 በመቶ ወይም ከክፍለ ግዛቱ መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። ገቢው የሚሰላው በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ነው። በዚህ ሕግ «ቤተሰብ» ማለት የሥጋ ዝምድና ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩና የመብራትና የማሞቂያ ወጪ የሚጋሩ ሰዎች ማለት ነው። ስለዚህ ዘመድ ወይም ወዳጅ በደባልነት አብሮ የሚኖር ከሆነ በማመልከቻው ላይ መገለጽ አለበት።

ሕጉ ተከራዮችና የቤት ባለቤቶች በእኩልነት እንዲስተናገዱ ያዛል። የማሞቂያ ክፍያዎ ከኪራዩ ጋር ተጠቃሎ የሚከፈል ቢሆንም ብቁ መሆን አለመሆንዎን ይጠይቁ።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ የመጡ ቋሚ ነዋሪዎች፣ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ማመልከት ይችላሉ። ለአንዳንድ የፌደራል ድጋፎች የሚጠየቀው የ5 ዓመት ቆይታ ለዚህ ድጋፍ አይጠየቅም።

የት ይመለከታል?

በዋሽንግተን ዲሲ ማመልከቻውን የሚቀበለው የኃይልና የአካባቢ ጥበቃ መምሪያ ነው። በሜሪላንድ በሰብአዊ አገልግሎቶች መምሪያ ሥር የሚገኘው የቤት ኃይል ፕሮግራሞች ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የፕሮግራሙ ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። በቨርጂኒያ በየካውንቲውና በየከተማው ያሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች ያስተናግዳሉ። በቨርጂኒያ ለማሞቂያ ድጋፍ የሚመለከተው ከኦክቶበር ሁለተኛ ማክሰኞ እስከ ኖቬምበር ሁለተኛ ዓርብ፣ ለማቀዝቀዣ ድጋፍ ደግሞ ከጁን 15 እስከ ኦገስት 15 ነው። ቀኑ ካለፈ የሚቀጥለውን ወቅት መጠበቅ ግድ ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ማስረጃዎች

ማመልከቻው የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ ማስረጃ በመጓደሉ ነው። በአብዛኛው የሚጠየቁት የሚከተሉት ናቸው፦

• የአመልካቹ ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ
• የቤተሰቡ አባላት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር
• በቅርቡ የተገኘ የቤተሰቡ ገቢ ማስረጃ፣ በብዙ ቦታ የመጨረሻዎቹ 30 ቀናት
• የቅርብ ጊዜ የመብራት፣ የጋዝ ወይም የነዳጅ ሂሳብ
• የኪራይ ውል ወይም የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ

በታክሲ ሥራ ወይም በሌላ የግል ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች የደመወዝ ወረቀት ስለማይኖራቸው፣ ገቢያቸውንና ወጪያቸውን የሚያሳይ መዝገብ ወይም የግብር ሰነድ ይዘው ይቅረቡ።

አገልግሎቱ ሊቋረጥ ከሆነ

የመቋረጥ ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎ፣ ወይም ነዳጅዎ ካለቀ፣ ማመልከቻዎ አስቸኳይ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ። ለአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ብቁ ለሆነ ቤተሰብ ባመለከተ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ሁኔታው ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ በ18 ሰዓት ውስጥ ችግሩን የሚያቃልል እርዳታ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። በቤት ውስጥ በመብራት የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ካለ ይህንኑ ለጽሕፈት ቤቱም ለኩባንያውም ያሳውቁ። ከኩባንያው ጋር ዕዳውን ከፋፍሎ ለመክፈል መነጋገርም ይቻላል። ማስጠንቀቂያውን ዝም ብሎ ማለፍ ግን ጉዳቱን ያብሳል፤ አንዴ ከተቋረጠ በኋላ ለማስቀጠል ተጨማሪ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

መብቶችዎ

ማመልከቻዎ ውድቅ ከሆነ ወይም ተገቢው ጊዜ አልፎ መልስ ካላገኘ፣ ጉዳይዎ በይግባኝ እንዲሰማ የመጠየቅ መብት አለዎት። የተከለከሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የይግባኙን ቀነ ገደብም ያረጋግጡ።

እንግሊዝኛ በደንብ የማይናገሩ አመልካቾች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው። ይህም በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የፌደራል ገንዘብ በሚያገኙ ጽሕፈት ቤቶች ላይ የጣለው ግዴታ ነው። ስለሆነም ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው እንዲያስተረጉም ማድረግ አያስፈልግዎትም። «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

ተጨማሪ ድጋፎች

በ1976 የተጀመረው የቤት ማሻሻያ ድጋፍ ብርድ የሚያስገቡ ክፍተቶችን በመድፈንና ማሞቂያን በማደስ ወርሃዊውን ሂሳብ ይቀንሳል። «ላይፍላይን» የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በአብዛኛው አካባቢ ከስልክ ወይም ከኢንተርኔት ክፍያ ላይ በወር እስከ 9.25 ዶላር ይቀንሳል። የውኃ ሂሳብን በተመለከተ የአካባቢዎን የውኃ ድርጅት ይጠይቁ።

ከአጭበርባሪዎች ይጠንቀቁ

ለዚህ ድጋፍ ማመልከት ምንም ክፍያ የለውም። በስልክ ደውሎ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልከፈላችሁ መብራታችሁ ይቆረጣል» የሚል፣ ወይም በስጦታ ካርድ እንዲከፍሉ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎ ስልኩን ዘግተው በሂሳብ ወረቀትዎ ላይ በታተመው ቁጥር ለኩባንያው ይደውሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን ለማያውቁት ደዋይ አይስጡ።