የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ የድምፅ ጥራት እንዴት ይመዘናል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግራችን በኪስ ተይዞ የሚዞረው የዲጂታል ሙዚቃ ማጫወቻ አንዱ ከሌላው በድምፅ የሚበልጥበትን ምክንያት ለማስረዳት የታሰበ ነው። ነገሩ ለጨዋታ ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም። በሰቆጣና በጽጽቃ፣ በጠቅላላውም በዋግ ኽምራ፣ በኽምጣና ቋንቋ የሚዜመው ዜማ ከወላጆች አፍ ወደ ልጆች ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ዛሬ ግን ዜማውን በስልክ ቀድቶ በሚሞሪ ካርድ ማኖር ቀላል ሆኗል። እንግዲህ አቀዳዱንና አጠባበቁን ካላወቅን፣ የተረከብነውን ሀብት አጉድለን ማስረከባችን ነው።

በመጀመሪያ ፋይሉን እንመልከት። ዲጂታል መሣሪያ ድምፅን የሚይዘው እየለካ በቁጥር በመጻፍ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ድምፅ ስለ ሆነ፣ ይህ ልኬት ይበቃል። ነገር ግን የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ 10 ሜጋ ባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህም በጀርመን አገር የፍራውንሆፈር ተቋም ሊቃውንት ዋና ድርሻ የነበራቸው ኤምፒ ስሪ የተባለው ዘዴ ወጣ። ይህ ዘዴ ጆሮ አያስተውለውም ተብሎ የሚገመተውን የድምፅ ክፍል እየጣለ ፋይሉን ያሳንሳል፤ በሴኮንድ 128 ኪሎ ቢት ሲጨመቅ ከሲዲው 11 እጅ ያንሳል። የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ ሁሉ የተጣለውም ክፍል አይመለስም። ፋይሉ እንዳለ ቢገለበጥ ጉዳት የለውም፤ እንደ ገና በተጨመቀ ቍጥር ግን ጉድለቱ ይጨምራል።

ሁለተኛው ማጫወቻው ራሱ ነው። ሥራው ቍጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ መልሶ፣ ኀይል ጨምሮ ለማዳመጫው መስጠት ነው። ደካማ ማጫወቻ ሙዚቃው ጸጥ ሲል «ሽሽ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ኀይል የሚፈልግ ማዳመጫ ሲሰካበትም ድምፁ ይደክማል ወይም ይሰነጠቃል። ይሁን እንጂ በደኅና ማጫወቻዎች መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ በማዳመጫዎች መካከል ያለው ልዩነት ይበልጣል። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው በቅድሚያ ለማዳመጫው ቢያወጣው ይጠቀማል።

ሁለት ማጫወቻዎችን ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው የሚከተለውን ይፈጽም፤

1ኛ/ በሁለቱም አንዱን ፋይል በአንዱ ማዳመጫ ያድምጥ።
2ኛ/ የድምፁን ከፍታ እኩል ያድርግ፤ ጥቂት ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።
3ኛ/ ወፍራሙን ወይም ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን ማስተካከያ ያጥፋ።
4ኛ/ የሚጫወተው የትኛው እንደ ሆነ ሳያውቅ፣ ሌላ ሰው እያቀያየረለት ደጋግሞ ይፍረድ። ዋጋውንና ስሙን ያወቀ ሰው ጆሮው ያዳላል።

ለመፈተኛም የአገራችን መሣሪያዎች እጅግ የተመቹ ናቸው። የበገናው 10 አውታሮች እንዝራ በተባለው ቁራጭ ቆዳ አማካይነት የሚሰጡት ነዛሪ ድምፅ፣ የመሲንቆው የጭራ ፍትጊያ፣ የዋሽንቱ ትንፋሽ ቀጭኑን ድምፅ ይመረምራሉ። ከበሮ ደግሞ ወፍራሙን ይመረምራል። በገናው ደርቆ፣ ዋሽንቱ ትንፋሽ አጥቶ ከተሰማ ከፋይሉ፣ ከማጫወቻው ወይም ከማዳመጫው አንዱ ጎድሏል ማለት ነው።

ማጫወቻዎቹም ዘመን አላቸው። በብዛት የተሠራው የመጀመሪያው የኪስ ኤምፒ ስሪ ማጫወቻ በ1998 ከደቡብ ኮሪያ ወጣ፤ በ2001 የተከተለው አይፖድም ሥራው በ2022 ቆመ። መሣሪያ ያልፋል፤ በጥሩ ሁኔታ የተቀዳ ድምፅ ግን ወደ አዲሱ መሣሪያ ይሻገራል።

ስለ ጆሮም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ80 ዴሲቤል ከፍታ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ እንደሚቻል፣ በ90 ዴሲቤል ግን ከ4 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። የተጎዳ ጆሮ በማናቸውም ማጫወቻ አይታደስም።

በመጨረሻም በየመሥሪያ ቤቱ የሽማግሌዎችን ዜማና ቃል የምትቀዱ ሁሉ፣ ዋናውን ቅጂ ከድምፁ ምንም ሳይጣል፣ ዌቭ ወይም ፍላክ በተባለው ዐይነት፣ በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ አኑሩት። ለማደል የሚሆነውን ብቻ ጨምቁ። ባለዜማው ካለፈ በኋላ ዳግመኛ ለመቅዳት አይቻልምና።