«በሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ብረት አለ?»

ከሌዊስቪል፣ ቴክሳስ

ጥያቄው የቀረበልን እዚሁ ሌዊስቪል፣ ከሃይዌይ 35 ብዙም በማይርቅ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ኤምአርአይ ተነስታችሁ የምታውቁ ቅጹን ታስታውሱታላችሁ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ አለዎት? ቀዶ ሕክምና አድርገዋል? ወረድ ሲል ደግሞ፣ በጥይት ወይም በፍንጣሪ ተመተው ያውቃሉ? በሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ብረት አለ?

የማስተረጉምላቸው ሰው ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ ቃል ስላስገቡኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ወገባቸውን ስላመማቸው ነው የመጣነው። ልጃቸው ነርስ ናት፤ የዚያን ቀን ከሥራ መውጣት ስላልቻለች «እባክህ አባዬን ይዘህልኝ ሂድ» አለችኝ።

እስከዚያች ጥያቄ ድረስ «የለም፣ የለም» ሲሉ ቆይተው እዚህ ላይ ዝም አሉ።

«ባንነግራቸውስ ምን ይመጣል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ማሽኑ ትልቅ ማግኔት መሆኑን፣ ብረት ካለ ሊያንቀሳቅሰው ወይም ሊያግለው እንደሚችል ነገርኳቸው። ግራ ጭናቸውን ዳበስ አደረጉና «እንግዲያውስ አለ በላት» አሉ። «ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።»

ልጆቻቸው የሚያውቁት አባታቸው በወጣትነታቸው ከደረጃ ወድቀው እግራቸው መሰበሩን ነው። ቴክኒሻኗ መልሱን ስትሰማ ወዲያው አቆመችን። መጀመሪያ ራጅ መነሳት አለባቸው፣ ከዚያ ሐኪሙ አይቶ ይወስናል አለችን። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ አልን። ጋሼ ለአርባ ምናምን ዓመት ያልተናገሩትን የነገሩኝ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው።

ፖሊስ ነበሩ። ፈጥኖ ደራሽ። ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ፣ መስከረም ላይም ጅጅጋ ስትያዝ፣ አገሪቱ ያላትን ሁሉ ወደ ምሥራቅ ላከች። መደበኛው ጦር፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ የወጣው ሚሊሺያ፣ ፖሊሱም ጭምር። ጋሼ የተመቱት ኅዳር 1970፣ ጠላት ሐረር ደጃፍ ደርሶ በነበረበት ሰሞን ነው። የመድፍ ፍንጣሪ ነው። ከአጠገባቸው የነበረው ጓደኛቸው እዚያው ቀረ። እሳቸው ሐረር ሆስፒታል፣ ከዚያም አዲስ አበባ ፖሊስ ሆስፒታል ገቡ። የካቲት 26 ቀን ካራማራ ላይ ድል ሆኖ አገር ሲጨፍር፣ ጋሼ አልጋ ላይ ሆነው በሬዲዮ ሰሙ። ሐኪሞቹ ያወጡትን አውጥተው የቀረውን «ብንነካው ይብሳል» ብለው ተዉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ሁሉ ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ጀግና» የሚለው አልነበረም። የመጣልኝ የእናቴ ወንድም ነው። በዚያው በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቱ ተወሰደ። ተማሪ ነበር። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም፤ አያቴ ያለ አስከሬን አለቀሰች። ቤታችን ውስጥ «የዚያን ጊዜ ፖሊስ» ማለት በር የሚደበድብ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ እንደዋዛ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ጣቢያ ላይ ሠርተዋል?»

የጠየቅኩትን ነገር ምንነት ወዲያው ገባቸው። «አልሠራሁም፤ ሆስፒታል ነበርኩ» አሉኝ። ቀጠል አድርገውም «ግን ልጄ፣ ጤነኛ ሆኜ ጣቢያ ላይ ብመደብ ኖሮ የታዘዝኩትን አላደርግም ነበር ብዬ አልምልልህም። እግሬ ነው ያተረፈኝ» አሉ።

ከዚህ በላይ ቀጥተኛ መልስ ከዚያ ትውልድ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼ ከዳኑ በኋላ ወደ ፖሊስነታቸው ተመለሱ። መሮጥ ስለማይችሉ መዝገብ ቤት ተቀመጡ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሠራዊቱ ጋር የቀድሞው ፖሊስም ፈረሰ። በዚያ ሳምንት ጋሼ መታወቂያቸውን፣ የሆስፒታል ወረቀታቸውን፣ የደንብ ልብስ ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ሁሉ ጓሮ አውጥተው አቃጠሉ። «የደርግ ፖሊስ መባል ያስፈራ ነበር» ነው ያሉኝ። በሰኔ 1983 የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ በሥሩ ያለፈው ሰው ከ450 ሺህ በላይ ነበር። ጋሼ ግን አልሄዱም። ማስረጃውን በገዛ እጃቸው አመድ አድርገውታል፤ ደግሞ ማን ተማምኖ ይሄዳል? ከዚያ በኋላ ልጃቸው ወደዚህ እስክታመጣቸው ድረስ ብረት ያለበትን እግራቸውን ይዘው የመጋዘን ዘበኛ ሆነው ሌሊቱን ቆመው ሲያድሩ ኖሩ። ማዕረጋቸው እንኳ ዛሬ የለም። ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ የአሁኑ ፖሊስ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር ነው የሚለው።

ፖሊስን ጦር ሜዳ መላክ በኛ አገር ደርግ ያመጣው አይደለም። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋን ፖሊስ ይመሩ የነበሩት አበበ አረጋይ በሸዋ ዱር አምስት ዓመት ተዋግተዋል፤ በኋላም ራስና የጦር ሚኒስትር ሆነዋል። የትልቁ ሰው ስም ተጻፈ። ከሥሩ የነበረው ተራ ፖሊስ ግን ቁስሉን ይዞ ወዴት እንደገባ የጻፈ ብዙ ሰው የለም።

አሁን ደግሞ የምንኖርበትን አገር እንይ። ከክሊኒኩ ስንወጣ ጋሼ የገበያ አዳራሽ ፊት ለፊት ያለውን ሐምራዊ የመኪና ማቆሚያ ምልክት አይተው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። «በጦርነት ለቆሰሉ ብቻ» ይላል አልኳቸው። «ለቆሰለ ሰው መኪና ማቆሚያ!» ብለው ሳቁ።

ነገሩ ግን ከመኪና ማቆሚያም ያልፋል። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት አንድ ፖሊስ በተጠባባቂ ጦር ወይም በናሽናል ጋርድ በኩል ተጠርቶ ቢዘምት፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ሥራው ይጠበቅለታል። ከቆሰለ ለማገገሚያ እስከ ሁለት ዓመት ይጨመርለታል። የድሮ ሥራውን መሥራት ባይችል እንኳ አሠሪው የሚመጥነውን ሥራ የመፈለግ ግዴታ አለበት። ጉዳቱ ከ0 እስከ 100 በመቶ ይለካል። እዚህ ቴክሳስ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቶ በመቶ የተባለው ሰው ለሚኖርበት ቤት ፕሮፐርቲ ታክስ አይከፍልም። በዚህ አካባቢ ቤት የገዛችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። የዚህ ሁሉ ቁልፍ ደግሞ አንዲት ወረቀት ናት፤ ዲዲ 214 ትባላለች። ወታደሩ ሲሰናበት ትሰጠዋለች፣ ግልባጯም መንግሥት ዘንድ ይቀመጣል። ቤቱ ቢቃጠል፣ ፕሬዚዳንቱ ቢለወጥ፣ ወረቀቷ አትጠፋም።

ማቲያስ ፌሬራ የሚባል ሰው አለ። እንደኛው ስደተኛ ነው፤ በልጅነቱ ከኡራጓይ መጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. በማሪን ወታደርነት አፍጋኒስታን ውስጥ በተቀበረ ፈንጂ ሁለት እግሮቹን ከጉልበት በታች አጣ። በ2017 ኒውዮርክ ውስጥ በሰፎክ ካውንቲ የፖሊስ አካዳሚ ፈተናውን እንደማንኛውም ዕጩ አልፎ፣ በሁለት ሰው ሠራሽ እግር መደበኛ የጥበቃ ፖሊስ ሆነ። ስለሱ ለጋሼ ስነግራቸው ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «እሱን ያቆመው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀው ሰው ነበረው» አሉ።

አሜሪካን ለማሞገስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ዳላስ ድልድይ ሥር «ቬተራን ነኝ» የሚል ካርቶን ይዞ የሚቆም ሰው ሁላችንም እናያለን። ራሱን ያጠፋም ብዙ ነው። ወረቀት ሁሉን አይፈውስም። ቢሆንም የቬትናም ጦርነት ስህተት ነበር የሚሉ አሜሪካኖች እንኳ «ስለዚህ የቬትናም ቁስለኛ አይታከም» አይሉም። ጦርነቱን ያዘዘው አንድ መዝገብ፣ የቆሰለው ሌላ መዝገብ ነው።

እኛ የሳትነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ቁስለኛ ከመጠየቁ በፊት «የማን ነህ?» ይባላል። የንጉሡ፣ የደርግ፣ የኢሕአዴግ፣ የብልጽግና፣ የዚህ ክልል፣ የዚያ ክልል። መልሱ እንደ ጠያቂው ስለሚለያይ ቁስለኛው ዝም ማለትን ይመርጣል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተካሄደው ጦርነት መከላከያው ብቻ ሳይሆን ፌዴራል ፖሊስም፣ የክልል ልዩ ኃይልም ተዋግቷል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ እመልሳለሁ ብሎ ተነስቷል። በ2015 የጸደይ ወራት ልዩ ኃይሎች ሲፈርሱ አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ተወሰነ። እንግዲህ ዛሬ ባሕር ዳር ወይም መቀሌ መንገድ ላይ ከሚቆመው ፖሊስ ውስጥ ብረት በሰውነቱ ይዞ የሚቆም አለ። ነገ መንግሥት ቢለወጥ እሱስ ወረቀቱን ያቃጥላል?

የእናቴን ወንድም የወሰዱት ሰዎች እንዲጠየቁ ዛሬም እፈልጋለሁ። በዚህ አልደራደርም። ግን ጥፋተኛን መጠየቅና ቁስለኛን ማከም የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ያልተቃጠለ መዝገብ። ማን የት ነበር፣ ማን ምን አደረገ፣ ማን ምን ደረሰበት። መዝገብ ሲቃጠል ወንጀለኛውም ያመልጣል፣ ቁስለኛውም ይጠፋል።

እኛ ውጭ ያለን ሰዎች ጦርነት ማስቆም ላንችል እንችላለን። ቤታችን ውስጥ ያለውን መዝገብ መክፈት ግን እንችላለን። አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ አማታችሁ የሚያነክሱ ከሆነ ጠይቋቸው፤ ስልካችሁን አስቀምጡና ቅዷቸው። ሐኪም ዘንድ ስትወስዷቸው ቅጹን በደንብ አንብቡላቸው። አገር ቤት ላለ ቁስለኛ ገንዘብ ስታዋጡ «በየትኛው ወገን?» የምትለዋን ጥያቄ ዝለሏት። የሕግ ሰዎች የሆናችሁ ደግሞ የቁስለኛ ማስረጃ ከሥርዓት ለውጥ የሚተርፍበትን መንገድ ጻፉልን።

ሐኪሙ ራጁን አየና ፍንጣሪዎቹ ካሉበት ቦታ አንጻር ኤምአርአዩን ትቶ በሌላ መሣሪያ እንዲታዩ ወሰነ። ጋሼ ምስሉን ማየት ፈለጉ። ቴክኒሻኗ ስክሪኑን አዞረችላቸው። ከጭናቸው አጥንት ጎን አራት ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። መነጽራቸውን አስተካክለው ትክ ብለው አዩ።

«ይህን ወረቀት ላይ ይሰጡኛል?» አሉኝ።

በሲዲ እንደሚሰጡ ነገርኳቸው። ተቀብለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። «ይኼኛውን አላቃጥለውም» አሉ። ማታ ከልጃቸው ስልክ ተደወለልኝ። ምንም አላለችም፤ ታለቅስ ነበር።