ቆዳ ረከሰ፤ ከቆዳ የሚሠራው መድኃኒት ግን ተወደደ

በጅማ መርካቶ ቡና የገበያው ንጉሥ ቢሆንም ቆዳም የዋዛ አልነበረም። ከሂርማታ የሐሙስ ገበያ ዘመን ጀምሮ ከቡናው፣ ከማሩና ከዝባዱ ጋር እየተጫነ የወጣ ሸቀጥ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን የበዓል ማግስት በብዙ የአገሪቱ ከተሞች ቆዳና ሌጦ ገዢ አጥቶ ሜዳ ላይ ሲጣል ታይቷል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬ ቆዳ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ከጣለ ወዲህ የሰብሳቢው ዓይን ያረፈው በአገር ውስጥ ፋብሪካ ላይ ነው። ፋብሪካው እጁን ሲሰበስብ መርካቶም እጁን ይሰበስባል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ በሌላው ዓለም ቆዳ ሐኪም ቤት ገብቷል። ቆዳን ቆዳ የሚያሰኘው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። የከብቱና የሰውየው ኮላጅን ስለሚቀራረብ፣ በደንብ ከተጣራ የሰው ገላ ይቀበለዋል። ሐኪሙ ጆን በርክና መሐንዲሱ ዮአኒስ ያናስ እ.ኤ.አ. በ1981 ቦስተን ላይ ይፋ ያደረጉት ሰው ሠራሽ ቆዳ የተሠራው ከከብት ጅማትና ከሻርክ ዓሣ ልም አጥንት ከወጣ ንጥረ ነገር ነው። «ኢንቴግራ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ አገኘ። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሲሆን ላዩን ስስ ሲሊኮን ለብሷል። በተቃጠለ ገላ ላይ ሲደረግ የበሽተኛው ሴሎች በየቀዳዳው እየገቡ አዲስ ሥጋ ይሠራሉ፤ ስፖንጁም ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል። ግንበኛ የሚያቆመው መወጣጫ እንጨት በሉት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሲሊኮኑ ይገፈፍና ከበሽተኛው ገላ የተላጠ ስስ ቆዳ ይለጠፍበታል። ገላው በሰፊው ለተቃጠለ፣ የሚላጥ ደህና ቆዳ ላነሰው ሰው ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። አይስላንድ ውስጥ የኮድ ዓሣ ቆዳን የቁስል መሸፈኛ ያደረገውን ኬሬሲስን የዴንማርኩ ኮሎፕላስት እ.ኤ.አ. በ2023 እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ገዝቶታል። የብራዚል ሐኪሞች ደግሞ በፎርታሌዛ ከተማ የተቃጠለ ገላ በቆሮሶ ቆዳ ሸፍነዋል።

ታዲያ የመርካቶው ቆዳ ከዚህ ገበያ ለምን አይገባም? የቆዳ ነጋዴ ዕቃውን የሚለየው በቢላ ቀዳዳው፣ በመዥገር ጠባሳውና በጨው አያያዙ ነው። ኮላጅን አውጪው ግን ቆዳውን ፈጭቶና አሟምቶ ስለሚሠራ ለጠባሳ ብዙም ግድ የለውም። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከብቱ ከየትኛው መንጋ መጣ? ምን በሽታ ነበረበት? ማን መረመረው? ከታረደ ስንት ሰዓት ሆነው? እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የላሞች የአንጎል በሽታ ከተነሳ ወዲህ ይህ ማስረጃ የሌለውን ዕቃ የሚደፍር ገዢ የለም። በየጓሮው ታርዶ፣ ከአጋሮ ወይም ከሰቃ በሦስት ደላላ እጅ አልፎ የመጣ ቆዳ ማስረጃውን ከየት ያምጣ?

ስለዚህ ነገሩ የሚጀምረው ቄራ ላይ ነው፤ ቤተ ሙከራው በኋላ ይደርሳል። የእንስሳት ሐኪም ማኅተም ያረፈበትን ቆዳ ለብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሰው ሠራሽ ቆዳ ገና ሩቅ ነው። የመድኃኒት ካፕሱል የሚሠራበት ጄላቲን ግን ከዚሁ ከቆዳ ይወጣል፤ በእስልምና ሥርዓት ከታረደ ከብት የተገኘ ከሆነ ደግሞ በውጭ ገበያ ፈላጊው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ከብት ጅማ ላይ በየቀኑ ይታረዳል።