እንጦጦ ነው ወይስ ፈንታሌ?

«እንጦጦ ሊፈነዳ ነው» የሚለውን ወሬ በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ዊንጌት ሰፈር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ወሬው እሱ ነበር። ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ተራራው ከራስጌያችን ነው፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አምፖል ሲወዛወዝ ያየ ሰው ስለ ሩቅ አገር አያስብም።

ንዝረቱ ከየት እንደተነሳ ግን መሣሪያው ይናገራል። መሬት ስትንቀጠቀጥ ሁለት ሞገድ አብሮ ይነሳል። «ፒ» ፈጣኑ ነው፤ «ኤስ» ዘግይቶ ይደርሳል፣ አብዝቶ የሚያወዛውዘን ግን እሱ ነው። መብረቅ አይተን ነጎድጓዱ እስኪደርስ እንደምንቆጥረው፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 ብታባዙት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል፤ በግምት። ምንጩ ከአጠገባችን ቢሆን ልዩነቱ ከሁለትና ሦስት ሰከንድ ባላለፈ። የካቲት 7 ማታ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ያስደነገጠን፣ 6.0 ተብሎ የተመዘገበው ግን ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ካሉት ከፈንታሌና ከዶፈን ተራሮች አካባቢ፣ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የተነሳው። በስሌቱ 19 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ቦታውን በእርግጥ ለመለየት ደግሞ ቢያንስ የሦስት ጣቢያ መዝገብ ይመሳከራል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። «ፒ» ገና ስትደርስ አንዱን ጣቢያ ወደ ላይ ትገፋለች፣ ሌላውን ወደ ታች ትስባለች። የብዙ ጣቢያ ምልክት አንድ ላይ ሲነበብ ከመሬት በታች ያለው ስንጥቅ በየት በኩል እንደተንሸራተተ ይታወቃል፤ ማንም ጉድጓድ ሳይቆፍር! ስምጥ ሸለቆው ላይ በብዛት የሚወጣው መልስ፣ መሬቱ ወደ ጎን ሲለጠጥ አንዱ ወገን ቁልቁል ይንሸራተታል የሚል ነው። ፈንታሌ ሥር ቅልጥ አለት ሰርጎ መግባቱንም የሳተላይት ራዳር አሳይቷል።

ተራራ አይነካም ማለቴ ግን አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ካራ ቆሬ (የኮልፌው ሳይሆን የደሴ መንገዱ) በተከታታይ ተናውጦ መጀቴ ፈራርሳለች። እዚያ ደጋው ወደ አፋር የሚወርድበት ገደል ራሱ የስንጥቅ ሥራ ነው። አዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዋን ይህንንም ሌላውንም አሰባስበው በ1979 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የርዕደ መሬት ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመዋል።

እንጦጦ ግን ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ለሚፈነዳ ተራራ በጣም አርጅቷል።

ንዝረቱ ደግሞ ከመጣ መጀመሪያ ጠረጴዛ ሥር ግቡ። የመጀመሪያዋን ትንሽ ንዝረት ከያዛችኋት ግን ዋናው ውዝዋዜ እስኪደርስ ቁጠሩና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።